እጁ ለምን ወደሚዞረው ማሽን ገባ?

ጥያቄ፦ «በአንድ የቆርቆሮና የፕሮፋይል ፋብሪካ ውስጥ የሥራ ደህንነት ኃላፊ ነኝ። ሁለት መቶ የሚጠጉ ሠራተኞች አሉን። በተደጋጋሚ የሚጎዳው እጅና ጣት ነው። ቆርቆሮው ጃም ሲያደርግ ወይም ሮለሩ ሲቆሽሽ ማሽኑን ሳያቆሙ እጃቸውን ይከታሉ። ሥልጠና ሰጥተናል፣ ማስጠንቀቂያም ለጥፈናል። አለቆቼ ‹የሠራተኛው ግድየለሽነት ነው› ይላሉ። እኔ ደግሞ በጭንቅላታቸው ውስጥ ያለውን ምክንያት በቁጥር ማሳየት እፈልጋለሁ። ከኢንተርኔት ስለ አእምሮ ዝንጋታ የሚጠይቅ ባለ 25 ጥያቄ መጠይቅ አግኝቻለሁ። ወደ አማርኛ መልሼ ለሁሉም ላድል አስቤያለሁ። ትክክል ነኝ? ለትንተናውስ ውድ ሶፍትዌር መግዛት አለብኝ?»

መልስ፦

መጠይቁን ለጊዜው ያቆዩት። መጥፎ ሆኖ አይደለም። እርስዎ የሚፈልጉትን ነገር ስለማይለካ ነው።

እንደ አገላለጽዎ ከሆነ ያገኙት የእንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የዶናልድ ብሮድቤንትና የባልደረቦቹ መጠይቅ ይመስለኛል። የወጣው በ1982 ነው። (ከሕጉ በስተቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄዎቹ ሰው በዕለት ተዕለት ኑሮው ምን ያህል እንደሚዘነጋ ይጠይቃሉ። የሰው ስም ይጠፋብዎታል? ዕቃ ከእጅዎ ያመልጥዎታል? በሥራ ተጠምደው ሳለ ሰው ሲያናግርዎ ሳይሰሙ ይቀራሉ? መላሹ ያለፉትን ስድስት ወራት እያሰበ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ0 እስከ 100 ይሆናል።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ ይዩት። ከቤትዎ አንድ ክፍል ወደ ሌላው ሄደው ለምን እንደሄዱ ይረሳሉ ወይ ይላል። አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሠራተኛ ምን ብሎ ይመልስ? ሌላው ጥያቄ ሱፐርማርኬት ውስጥ የሚፈልጉት ዕቃ እያለ ሳያዩት ስለመቅረት ነው። ሌላው ደግሞ ክብሪቱን ጥሎ የተቃጠለውን እንጨት ኪስ ስለመክተት ነው። እንዳለ ተርጉመው ቢያድሉት ቁጥር አያጡም። ቁጥሩ ምን እንደሚል ግን እርስዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም።

ጥያቄዎቹን ለአገራችን ኑሮ ቢያስተካክሏቸውም ዋናው ችግር አይፈታም። መጠይቁ ዝንጉ ሰው ማን እንደሆነ ይነግርዎታል። የእርስዎ ሠራተኛ ግን ማሽኑ እየዞረ መሆኑን ረስቶ ነው እጁን የከተተው? እያየው አይደለም እንዴ?

አለቆችዎ «ግድየለሽነት» ማለታቸው አይገርምም። ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው የኢንሹራንስ ሰው ኸርበርት ሃይንሪክ በ1931 ባሳተመው ሥራ 88 በመቶው አደጋ የሚመጣው ከሠራተኞች አደገኛ ተግባር ነው አለ። 10 በመቶው ከአደገኛ የሥራ ቦታ፣ 2 በመቶው ደግሞ መከላከል ከማይቻል ነገር። ይህቺ 88 እስከ ዛሬ በየሥልጠናው ስላይድ ላይ ትዞራለች። የተለቀመችው ግን ከኢንሹራንስ ፋይሎችና ከፋብሪካ መዝገቦች ነው። ጣቱን ያጣው ሰው ራሱ ቅጹን ቢሞላ ኖሮ ቁጥሩ ሌላ ይሆን ነበር ባይ ነኝ።

በዘርፉ የምንጠቀምበት የተሻለ አከፋፈል አለ። እንግሊዛዊው ጄምስ ሪዝን በ1990 ያደራጀው ነው። መሠረቱን የጣለው የዴንማርኩ የንስ ራስሙሰን ነበር። በእርስዎ ሮለር ላይ ላስረዳው።

አንዱ ሠራተኛ እጁ ይስታል። ስቶፕ ሊጫን ብሎ ጎኑ ያለውን ቁልፍ ይጫናል። ሐሳቡ ልክ ነበር፣ የሳተው እጁ ነው። ሁለተኛው ይዘነጋል። ጋርዱን፣ ማለትም የማሽኑን መከላከያ ሽፋን፣ ለጽዳት ፈትቶ ሳለ ሰው ጠራው። ተመልሶ ሲመጣ ጋርዱ እንዳልተገጠመ ረስቶ ማሽኑን አስነሳ። ሦስተኛው የያዘው እውቀት ራሱ ስህተት ነው። ስቶፕ ከተጫነ ሮለሩ በዚያው ቅጽበት ይቆማል ብሎ ያምናል። ስለዚህ ተጭኖ ወዲያው እጁን ይሰዳል። አራተኛው ሁሉንም ያውቃል። አላለፈውም፣ አልረሳም። ደንቡን ቢጠይቁት አንድ በአንድ ይነግርዎታል። ሆን ብሎ ነው የሚከተው።

በአደጋ ሪፖርቱ ላይ አራቱም «ሠራተኛው ባለመጠንቀቁ» ተብለው ይጻፋሉ። መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም። ለመጀመሪያው ቁልፎቹን ማራራቅና በቀለም መለየት ነው። ለሁለተኛው ጋርዱ ካልተገጠመ የማይነሳ ማሽን። ለሦስተኛው በዓይኑ ማሳየት። ለአራተኛው ሥልጠና ጠብ የሚል ነገር የለውም፣ ምክንያቱም የጎደለው እውቀት አይደለም። ስለዚህ መለካት ያለብዎት ሠራተኞቹ «ምን ያህል ግድየለሽ» እንደሆኑ ሳይሆን ከአራቱ የትኛው በፋብሪካዎ እንደበዛ ነው። ከጻፉልኝ ስነሳ አራተኛው ይበዛል ብዬ እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬ ነው እንጂ ልኬት አይደለም።

ወደ ልኬቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። ሮለሩ ጋርድ ከሌለው፣ ወይም ጋርዱ ተፈቶ ጥግ ላይ ከተጣለ፣ የማንንም ጭንቅላት አይለኩ። መጀመሪያ ጋርዱን ያስገጥሙ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ የአሠሪው ነው። ሠራተኛውም ደንብ የማክበር ግዴታ አለበት። ነገር ግን የሌለ ጋርድን በሠራተኛ ሥነ ልቦና ጥናት መሸፈን አይቻልም። እንዲህ ሲደረግ ስለማውቅ ነው የምናገረው።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ልኬት ከጭንቅላት ውጭ ነው። ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ ለምን እንደሚያደርጉት ማወቅ አይቻልም። የአደጋ ቁጥር ለዚህ አይበቃዎትም። በሁለት መቶ ሰው መካከል በዓመት የሚደርሰው አደጋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለስታትስቲክስ የሚበቃ አይደለም። የሚቆጠረው ድርጊቱ ነው።

ጁዲ ኮማኪና ባልደረቦቿ በ1978 ያወጡት ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንድ የምግብ ፋብሪካ ሁለት ክፍሎች ውስጥ በዓይን የሚታዩ ድርጊቶችን ዘርዝረው እየዞሩ ምልክት ያደርጉ ነበር። መጀመሪያ ላይ ደህና የነበረው አሠራር በአንዱ ክፍል 70፣ በሌላው 78 በመቶ ነበር። ደህናውን አሠራር አስረድተው ውጤቱን በግራፍ ለጥፈው ለሠራተኞቹ ማሳየት ሲጀምሩ ወደ 96 እና 99 በመቶ ወጣ። ማሳየቱን ሲያቆሙ ወደነበረበት ተመለሰ። ልብ ይበሉ፣ ማሳየቱ ሲቆም የሠራተኞቹ እውቀት አልጠፋም።

እርስዎም ዝርዝሩን ሲያዘጋጁ ሁለት ሰው የማይከራከርበት ነገር ይጻፉ። «ተጠንቅቆ ይሠራል» አይቆጠርም። «ሮለሩ እየዞረ እጅ ከጋርዱ መስመር አልፏል፤ አዎ ወይም አይ» ይቆጠራል። ሰዓቱን በዕጣ ይምረጡ። የማታ ፈረቃን አይዝለሉ። የፈረቃ ማብቂያና ምርት የሚቸኮልበት ሰዓትም ይግባ። ኃላፊ ሲመጣ ሁሉም ጓንት ያጠልቃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውጤት ይተዉት። ሰዉ ሲለምድዎት ነው እውነቱ የሚወጣው። የማንንም ስም አይጻፉ።

አንዳንዱን ዙር ሁለት ተመልካች አብሮ ይሙላው፣ ግን እየተነጋገሩ አይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ስሌት አለ። ሁለቱ ተመልካቾች 85 በመቶ ተስማሙ እንበል። ጥሩ ይመስላል። ግን ሁለቱም 90 በመቶውን ጊዜ «ደህና» የሚሉ ከሆነ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢሞሉት እንኳ በአጋጣሚ ብቻ 82 በመቶ ይስማማሉ። 0.9 በ0.9 ሲባዛ 0.81፣ 0.1 በ0.1 ሲባዛ 0.01፣ ድምሩ 0.82 ነው። ስለዚህ ከአጋጣሚ በላይ ያገኙት 3 ነጥብ ብቻ ነው፤ ሊያገኙ ይችሉ የነበረው ደግሞ 18። ሦስት ለአሥራ ስምንት 0.17 ገደማ ነው። ይህ ካፓ የሚባለው ልኬት ነው። 0.17 ማለት ዝርዝሩ ግልጽ ስላልሆነ እንደገና ይጻፍ ማለት ነው።

ቀጥሎ ወሬ ነው። ጆን ፍላናጋን በ1954 መልክ ያስያዘው ዘዴ አለ። ሰውን ስለ አመለካከቱ ሳይሆን ስለ አንድ የተወሰነ ክስተት ይጠይቃል። «ደህንነት ለአንተ ምን ማለት ነው?» ብለው ከጠየቁ የፖስተሩን ጽሑፍ ያነብልዎታል። ይልቅ እንዲህ ይበሉ፦ «ማሽኑ ሳይቆም እጅህን የከተትክበትን የመጨረሻውን ጊዜ ንገረኝ። ምን እየሠራህ ነበር? ምን አየህ? ማሽኑን ብታቆመው ምን ይከተል ነበር?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። «ባቆመው እንደገና ለማስተካከል ጊዜ ይበላል፣ መጀመሪያ የሚወጣው ቆርቆሮ ይበላሻል፣ ፎርማኑ ይጮሃል፣ ቦነሱ ይቀራል» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። መጣ እንበል፤ ያኔ በእጅዎ ያለው የአስተሳሰብ ጉድለት አይደለም። ሰውየው አስልቷል። ወይም ደግሞ «የቆመ መስሎኝ ነበር» ሊል ይችላል። ይህ ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ለጥቂት የተረፉበትንም ያስነግሯቸው፣ ከደረሰው አደጋ ይልቅ የተረፉበት ይበዛል። ወሬዎቹን ሰብስበው ሁለት ሰው ለየብቻ ከአራቱ ክፍሎች ወደ አንዱ ይመድባቸው። ካፓውን እዚህም ያስሉ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። መዳቢዎቹ ሰውየው ተጎዳ ወይ አልተጎዳ የሚለውን ባያውቁ ይሻላል። ባሩክ ፊሽሆፍ በ1975 እንዳሳየው ውጤቱን ካወቅን በኋላ ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያውም ግልጽ የነበረ ይመስለናል። ጣት መቆረጡን የሰማ ሰው «ግድየለሽ» ለማለት ይፈጥናል። ያው ድርጊት ያለ ጉዳት ሲያልፍ «ቀልጣፋ» ይባላል።

ወሬው የትኛው ዓይነት እንደሚበዛ ሲያመለክትዎ ነው መሣሪያ የሚመረጠው። በየተራ ልንካቸው።

ችግሩ ድካምና ትኩረት ከመሰለ፣ ንግግር ሳይሆን ሰዓት ይለካዋል። ዴቪድ ዲንጅስና ጆን ፓወል በ1985 ያስተዋወቁት ፈተና አለ። ለአሥር ደቂቃ ስክሪን ላይ ምልክት በተለያየ ጊዜ ብቅ ይላል፤ ሰውየው ባየው ቁጥር ይጫናል። ከግማሽ ሰከንድ በላይ የዘገየው ሁሉ «ትኩረቱ ጠፍቶ ነበር» ተብሎ ይቆጠራል። በስልክ የሚሠሩ ዓይነቶች አሉ። ስልክ ግን በራሱ ይዘገያል፤ ያንን ሰው በዚያው ስልክ ፈረቃ ሲገባና ሲወጣ ያነጻጽሩት እንጂ የተለያዩ ስልኮችን አያወዳድሩ።

ድካምን አይናቁት። ዶውሰንና ሪድ በ1997 ባወጡት ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው አሠራሩ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለው ሰው ሆኖ ተገኝቷል። ይህንን በእርስዎ ፋብሪካ ያስቡት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ሰርቪስ የሚጠብቅ ሠራተኛ ኦቨርታይም ገብቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢደርስ 17 ሰዓት ሞላው ማለት ነው። ጠርሙስ አልነካም፤ ግን ሮለሩ ፊት ቆሟል። አዋጁ ኦቨርታይምን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። የፈረቃ መዝገቡን ከፈተናው ውጤት ጎን አድርገው ይዩት፤ አንዳንዴ መዝገቡ ብቻውን መልሱን ይሰጣል።

መስመሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ቆርቆሮ የሚፈትሸው ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ኖርማን ማክዎርዝ በ1948 እንዳሳየው አሰልቺ ነገር ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚጠብቅ ሰው ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ብዙ ነገር ማሳለፍ ይጀምራል። ደክሞት አይደለም፤ ሥራው ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ቦታ ማቀያየር ነው።

አደጋን አለማየት ከሆነ በፎቶ ይለኩት። ፎቶዎቹን ከራስዎ ፋብሪካ ያንሱ። የእንግሊዝኛ ስላይድ ላይ ያለ የውጭ ፋብሪካ አይሠራም። ግማሹ አደጋ ያለበት፣ ግማሹ የሌለበት ይሁን። ይህ «የሌለበት» የሚለው ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው። ለምሳሌ 20 አደገኛና 20 ደህና ፎቶ አሳዩ። አንዱ ሠራተኛ ከ20ው አደገኛ 18ቱን ለየ። ጎበዝ! ግን ከ20ው ደህና ፎቶም 16ቱን «አደጋ» ብሏል። ሌላው 14 ለየ፣ በስህተት ያለው 2 ብቻ ነው። በትክክል የሚያየው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው እርስዎን ለማስደሰት ሁሉን «አደጋ» እያለ ነው። ፎቶውን አሳይተው «ቀጥሎ ምን ይፈጠራል?» ብለውም ይጠይቁ። ሚካ ኤንድስሊ እንደምትለው ማየት፣ መረዳትና የሚመጣውን መገመት ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው። ብዙ አዲስ ሠራተኛ ያያል፤ የሚቀረው ሦስተኛው ነው።

የተሳሳተ እውቀት ከሆነ፣ ስለ ደንቡ ሳይሆን ስለ ማሽኑ ይጠይቁ። «ስቶፕ ከተጫነ በኋላ ሮለሩ ስንት ሰከንድ ይዞራል?» ይበሉና መልሱን ይመዝግቡ። ከዚያ በስልክዎ ቪዲዮ ቀርጸው ትክክለኛውን ይለኩ። ልዩነቱ በሰከንድ የተለካ የእውቀት ክፍተት ነው። ከዚህ የጠራ የሥነ ልቦና ልኬት እምብዛም አያገኙም። ሁለተኛው ጥያቄ፦ «መብራት ሄዶ ሲመለስ ይህ ማሽን ራሱ ይነሳል ወይስ ይጠብቃል?» መብራት ሲጠፋ ማሽኑ እንደሞተ ቆጥሮ ለማጽዳት የሚገባ ሰው አለ። ለነገሩ መልሱን እርስዎ ራስዎ ከኤሌክትሪሻኑ ጋር ያረጋግጡ። ራሱ የሚነሳ ከሆነ ጥናቱን ትተው ዛሬውኑ ያስተካክሉት።

ዝንጋታ ከሆነ፣ ከብሮድቤንት ይልቅ ዋላስና ቼን በ2005 ለሥራ ቦታ ያዘጋጁት ባለ 22 ጥያቄ ይሻላል። የማስታወስ፣ የትኩረትና የድርጊት ስህተትን ለየብቻ ያያል። ስለ ክብሪትም አይጠይቅም።

አሁን ወደ አራተኛው፣ ሆን ብሎ ወደሚደረገው። እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ «ግድየለሽ» የሚባለው ሰው ያለው እዚህ ነው።

አንድ ስሌት እንሥራ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። እጅ በገባ ቁጥር የመጎዳት ዕድሉ ከ5,000 አንድ ነው እንበል። አንድ ሠራተኛ በቀን 10 ጊዜ እጁን ቢከት፣ በአማካይ አንድ ጉዳት የሚደርስበት በ500 የሥራ ቀን ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ መሆኑ ነው። ሰውየው ለወራት በየቀኑ ከትቶ ምንም አልሆነም። ከራሱ ልምድ ተነስቶ «ችግር የለውም» ቢል ሞኝ አይደለም፤ ያየውን ነው የተናገረው። እርስዎ ግን እንዲህ የሚያደርጉ 20 ሰዎች አሉዎት። በቀን 200 ጊዜ እጅ ይገባል። በየ25 ቀኑ አንድ ሰው ይጎዳል። እርስዎ ከቢሮ የሚያዩትና እሱ ከማሽኑ ፊት የሚያየው አንድ ዓለም አይደለም። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። «አደገኛ ነው» ብለው ቢነግሩት የማይሰማዎት ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚለካው የአደጋ ግምቱ ነው፤ ሁለት ጊዜ። አንዴ «አንተ በሚመጣው ዓመት እጅህ የመጎዳት ዕድሉ ምን ያህል ነው?»፣ አንዴ «እንዳንተ ያለ ሌላ ኦፕሬተርስ?» ኒል ዋይንስታይን በ1980 እንዳሳየው ሰው ክፉ ነገር ከራሱ ይልቅ በሌላው ላይ ይደርሳል ብሎ ያስባል። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት «እኔ እጄ ፈጣን ነው» የሚለው እምነት ልኬት ነው። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚሰፋው ልምድ ባላቸው ላይ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ። የእርስዎን ዳታ አይተው ይንገሩኝ።

ቀጥሎ የፎርማኑ ነገር አለ። ዶቭ ዞሃር በ1980 በ20 የእስራኤል ፋብሪካዎች ያደረገው ጥናት የሠራተኞችን አመለካከት በተለየ መንገድ ጠየቀ። ራሳቸውን ሳይሆን ሥራ አመራሩ ደህንነትን ምን ያህል ከልቡ እንደሚይዘው ነው የጠየቃቸው። ለእርስዎ ወደ አንድ ጥያቄ ላውርደው፦ «ምርት ወደኋላ በቀረበት ቀን ማሽን አቁመህ ስታጸዳ ፎርማንህ ቢያይህ ምን ይላል?» ምርጫዎቹን ከወሬው ያውጡ። ያመሰግናል፣ ዝም ይላል፣ «ቶሎ በል» ይላል፣ ይቆጣል። መልሱን በሰው አይተንትኑ። በፈረቃ ያድርጉት፣ ማለትም የእያንዳንዱን ፈረቃ አማካይ ይውሰዱ። ከዚያ በዓይን ከቆጠሩት ድርጊት ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡት። አንዱ ፎርማን ያለበት ፈረቃ ከሌሎቹ ቢለይ የሚያነጋግሩት ሰው ታወቀ።

አሁን መጠይቁን ስለመጻፍ። በአገራችን ትልቁ የመጠይቅ ጠላት ይሉኝታ ነው። «እስማማለሁ፣ በጣም እስማማለሁ» የሚል ቅጽ ለሠራተኛ ከሰጡ ለሁሉም ይስማማልዎታል። እንግዳ ያመጣውን ነገር እንዴት ይቃወም? ስለዚህ መስማማትን ትተው ድርጊትና ጊዜ ይጠይቁ። «ባለፉት ሰባት ቀናት ማሽኑ ሳይቆም እጅህን ስንት ጊዜ ከተትክ? አንድም፣ 1 ወይም 2፣ ከ3 እስከ 5፣ ከዚያ በላይ።» «አንዳንዴ» የሚል ምርጫ አይስጡ። የአንዱ አንዳንዴ የሌላው ሁልጊዜ ነው።

አሉታ በአሉታ የተቆላለፈ ዓረፍተ ነገርም ያስወግዱ። «ጓንት አለማድረግ አደገኛ አይደለም ብዬ አላምንም» የሚል መጠይቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ደራሲውም ደግሞ ሲያነበው የሚገባው አይመስለኝም። ከማደልዎ በፊት ጥቂት ሠራተኞች አጠገብዎ ተቀምጠው ጮክ ብለው እያነበቡ «ይሄ ምን ማለት ነው?» የሚለውን በራሳቸው አነጋገር ይንገሩዎት። አማርኛ የሁሉም የአፍ መፍቻ እንዳልሆነም ያስታውሱ። በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚቀለው ካለ ያዘጋጁለት። ሌላ ሰው ደግሞ ትርጉሙን ወደ አማርኛ ይመልሰውና ያነጻጽሩ። ማንበብ ለሚቸግረው ይነበብለት፤ ግን አንባቢው ፎርማኑ አይሁን።

ቅጹን የሚሰበስበው የሰው ኃይል ክፍል ከሆነ የለኩት ፍርሃትን ነው። የታሸገ ሳጥን ይቁም፣ ስም አይጠየቅ። ለመመለስ የሚያስፈራ ጥያቄ አንድ ካለ የሳንቲም ዘዴ ይጠቀሙ። ሥሩ የስታንሊ ዋርነር የ1965 ሥራ ነው። ሠራተኛው ለብቻው ሳንቲም ይጥላል። አንበሳው ከወጣ እውነቱ ምንም ይሁን ምን «አዎ» ይላል። ሌላው ገጽ ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። የማንንም «አዎ» ምክንያት ማንም አያውቅም። በድምሩ ግን ይታወቃል። 65 በመቶው «አዎ» ቢል 50ው የሳንቲሙ ነው። ከቀረው ግማሽ 15 ነጥብ «አዎ» ብሏል፤ 15 ለ50፣ ማለትም 30 በመቶው ድርጊቱን ይፈጽማል። ዘዴውን ስብሰባ ላይ በሳንቲም አሳዩዋቸው፤ ሲገባቸው ይስቃሉ፣ ከዚያ ያምናሉ።

ስለ ትንተናው ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ። በአንድ ቅጽ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሰው የትኩረት ጉድለቱንም አደገኛ ድርጊቱንም ጠይቀው ሁለቱ ይዛመዳሉ ብለው ሪፖርት አይጻፉ። የዚያን ቀን የከፋው ሰው ሁለቱንም ከፍ አድርጎ ይሞላል። ስለዚህ ነው ድርጊቱን በዓይን፣ ትኩረቱን በሰዓት፣ እምነቱን በቅጽ ያልኩዎ። ምንጫቸው ይለያይ። ሁለተኛ፣ ክሮንባክ አልፋ የሚባለው የመጠይቅ መለኪያ 0.9 ወጣ ብለው አይደሰቱ። አንዱን ጥያቄ አምስት ጊዜ ቃሉን እየቀያየሩ ቢጠይቁም አልፋው ከፍ ይላል። አልፋ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መግባባታቸውን ይናገራል፤ ትክክለኛውን ነገር መለካታቸውን አይናገርም።

ውጤቱን ለአለቆችዎ ሲያቀርቡ «የመጨረሻዎቹን አሥር ሰዎች ስም ስጠን» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ስም ከሌለዎት የሚሰጡት አይኖርም። ስም አለመጻፉን ከመጀመሪያው የወተወትኩዎ ለዚህም ጭምር ነው። አንድ ጊዜ ስም ከወጣ ከዚያ በኋላ እውነት የሚነግርዎ ሰው አያገኙም፤ ለጥቂት የተረፉበትንም ወሬ ይደብቁታል።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ አይግዙ። እስካሁን ያወራነው ሁሉ መቶኛ፣ አማካይና ካፓ ነው፤ ኤክሴል ይበቃዋል። የፈረቃዎቹን ልዩነት ጠለቅ አድርጎ ማየት ቢያስፈልግ አር የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ገንዘቡ ካለ ግን ስቶፕ ሲጫን ሮለሩን ቶሎ የሚያቆም ብሬክ ስንት እንደሚያወጣ ሜካኒኩን ይጠይቁት።